በጥቂት ገንዘብ ቤትን ማሳመር፤ የደብረ ታቦር ቤቶችና የባለ ሱቁ ድርሻ

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች፥ የጉና ተራራ ጎረቤት የሆነች የደጋ ከተማ ናት። በራስ ጉግሣ ዘመን ከተቆረቆረች ጀምሮ የመሳፍንትና የነገሥታት መቀመጫ ሆና ኖራለች፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩባት ጋፋትም ከአጠገቧ ትገኛለች። ዛሬ የደቡብ ጎንደር ዞን ከተማና የዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ስለ ሆነች፥ መምህሩም፥ የመንግሥት ሠራተኛውም፥ ከፋርጣና ከጋይንት፥ ከእስቴና ከስማዳ የሚመጣውም ሰው በየጊዜው ቤት ይሠራባታል፤ ይከራይባታል፤ ያድስባታል።

ይህ ሁሉ ሰው የባለ ሱቁ ደንበኛ ነው። አብዛኛው ግን ባለ ጥቂት ገንዘብ ስለ ሆነ፥ ቤቱን በአንድ ጊዜ አሟልቶ ሊያሳምር አይችልም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የትኛው ሥራ ይቅደም፥ የትኛውስ ይከተል የሚለው ነው። በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ የሚታየው ስሕተት፥ እንግዳ የሚያየውን ዕቃ አስቀድሞ መግዛት ነው። ቡፌው ይገዛል፤ መጋረጃው ይሰቀላል፤ ሰኔ በገባ ጊዜ ጣራው ያፈስና የቡፌው እንጨት ያብጣል፥ መጋረጃውም ይሻግታል። «የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ» የሚባለው ለሰው ጠባይ ብቻ ሳይሆን እንዲህ ላለው ቤትም የሚስማማ ነው። በደጋ አገር የቤት ማሻሻል ሥራ ተራ ቢበጅለት፥ በመጀመሪያ ውሃን መከላከል፥ ቀጥሎ ጢስን ማስወጣት፥ ከዚያም ግድግዳንና ወለልን ማደስ፥ ከዚያም ዕቃን በየቦታው ማኖር፥ በመጨረሻም ጌጥ መሆን ይገባዋል።

የውሃ ነገር ከጣራ ይጀምራል። የቆርቆሮ ገዢ ሊያውቀው የሚገባ፥ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የጌጅ ቍጥር ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ የሚሄድ መሆኑ ነው። ባለ 35ቱ ከባለ 32ቱ፥ ባለ 32ቱም ከባለ 28ቱ ይልቅ ቀጭን ነው። ትልቅ ቍጥር ሲጠራለት የበለጠ ዕቃ የገዛ የሚመስለው ገዢ ጥቂት አይደለም። ይህን አስረድቶ የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛውን ለዘመን ያተርፋል፤ ዝም ብሎ የሚሸጥ ግን የጉና ነፋስና የክረምቱ በረዶ በደንበኛው ፊት ይመሰክሩበታል። ለቆርቆሮው የሚሆነውን ምስማር ከነጎማው መግዛት፥ የተበሳውንም ቀዳዳ በሬንጅ መድፈን፥ ከሙሉ ጣራ ዋጋ ጋር ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ወጪ ነው። የጣራው ጠርዝ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ወጣ ቢል፥ አሸንዳ ቢገጠምለትና በርሜል ቢቀመጥለት፥ የጭቃው ግድግዳ ከመታጠብ ይድናል፤ ለልብስ አጠባም ውሃ ይገኛል። በቤቱ ዙሪያ ቦይ መቆፈር ደግሞ ከጉልበት በቀር ምንም አያስወጣም።

ሁለተኛው ጢስ ነው። እሳት ከሚኖሩበት ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሆነ፥ የተቀባው ግድግዳ በጥቂት ወር ውስጥ ይጠቁራል፤ ከዚህም የከፋው የእናቲቱ ዓይንና የሕፃናቱ ደረት የሚጎዳ መሆኑ ነው። አቅም ሲገኝ ማድ ቤቱን ለይቶ በባሕር ዛፍ አጣና ማቆም፥ ጢሱም የሚወጣበትን መስኮት ከጣራው ሥር መተው ይበጃል። ከ1980ዎቹ ወዲህ በአገራችን የተለመደው ምርጥ ምድጃ የምጣዱን እሳት ዙሪያውን ስለሚሸፍን፥ በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ድረስ ይቈጥባል። በየሳምንቱ ሸክም እንጨት ለሚገዛ የከተማ ቤተ ሰብ፥ ይህ ቁጠባ ራሱ ለሚቀጥለው የቤት ሥራ መነሻ ገንዘብ ይሆናል።

ሦስተኛው ግድግዳና ወለል ነው። ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ለብዙ ቀናት ሲብላላ ምርጊቱ ይጠነክራል። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ስለዚህ በሚገባ ከደረቀ በኋላ በተነፋ አፈርና በእበት ሁለተኛ ጊዜ መለቅለቅ ያስፈልገዋል። በዚያ ላይ ኖራ ቢቀባ ክፍሉ ይበራል። በኖራው ውኃ ውስጥ ጥቂት ጨው መጨመር እንዳይለቅ ይረዳዋል፤ ነገር ግን ኖራ ዓይንንና ቆዳን የሚያቃጥል ስለ ሆነ፥ ቀቢው መጠንቀቅ ልጆችም መራቅ አለባቸው። ወደ መሬት የሚገባው የእንጨት ጫፍ ልጡ ተልጦ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ቢቀባ ቶሎ አይበሰብስም።

የቆርቆሮ ቤት ቀን የሚሞቅ፥ ሌሊት የሚበርድ፥ በዝናም ጊዜም የሚያስጨንቅ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ኮርኒስ ነው። የእንጨት ኮርኒስ የማይቻለው ሰው አቡጀዴ ይወጥራል፤ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት በሚገባ አጥቦና ሰፍቶ ከወጠረ በኋላ ነጭ ቀለም ይቀባዋል። በብዙ የአገራችን ቤቶች የሚታየው ይህ ብልሃት ርካሽና የሚያምር ነው፤ ዳሩ ግን ከረጢቱ በቀላሉ እሳት የሚይዝ በመሆኑ ከምድጃና ከሻማ በላይ ሊወጠር አይገባም። ከቆርቆሮዎቹ መካከል አንዱን ብርሃን በሚያስገባ ፕላስቲክ መለወጥ ደግሞ ጨለማ ለሆነ ማድ ቤት ወይም ዕቃ ቤት እንደ መስኮት ያገለግላል።

አራተኛው ዕቃን በየቦታው ማኖር ነው። በአንድ ክፍል ለሚኖር ተከራይ ወይም ተማሪ፥ ከአዲስ ዕቃ ይልቅ የቦታ አከፋፈል ይጠቅመዋል። አባቶች በግድግዳ ጥግ የሠሩት መደብ መቀመጫም መኝታም ይሆን ነበር፤ ዛሬም መደቡን በሣጥን መልክ በጣውላ ሠርቶ ልብስና እህል በውስጡ ማኖር፥ በላዩም መተኛት ይቻላል። በአልጋውና በመቀመጫው መካከል አንድ መጋረጃ፥ ከበሩ ጀርባ አንድ የልብስ መስቀያ፥ በምድጃው አንጻር አንድ የዕቃ መደርደሪያ፥ ክፍሉን ሦስት ክፍል ያስመስሉታል።

ጌጥ በመጨረሻ ይመጣል፤ በመጨረሻ መምጣቱ ግን አያሳንሰውም። የደጋው ቤት ጌጥ ከቤቱ ሰዎች እጅ የሚወጣ ነው። በግድግዳ የሚሰቀለው ሰፌድና የስፌት ሌማት፥ በመደቡ ላይ የሚነጠፈው አጎዛ፥ ከበግ ጸጉር የሚሠራው ባናና ዝተት፥ በጠረጴዛና በቴሌቪዥን ላይ የሚጣለው ዳንቴል፥ ሁሉም ከውጭ ከሚገባው ብልጭልጭ ዕቃ ይልቅ የሚረክስና የሚቈይ ነው። ለባለ ሱቁም ጥቅም አለበት፤ ልዩ ልዩ ቀለም ያለው ክር፥ የዳንቴል መሥሪያ ኪሮሽ፥ የስፌት ማቅለሚያ፥ ዓመቱን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ የሚሸጡ ዕቃዎች ናቸው። ክሩን የሸጠ ነጋዴ የተሠራውን ስፌትና ባና መልሶ ቢገዛ፥ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ሊልከው ይችላል።

ነጋዴ ዕቃውን የሚያስገባበትን ጊዜ ከዚህ ተራ ጋር ማስማማት ይኖርበታል። አዝመራው በኅዳርና በታኅሣሥ ተሰብስቦ ገንዘብ በገበሬው እጅ ሲገባ፥ ምርጊቱም በበጋው ፀሐይ የሚደርቅበት ጊዜ ስለ ሆነ፥ ምስማር፥ ኖራና ሲሚንቶ ይፈለጋሉ። ቆርቆሮና አሸንዳ ግንቦት ሳያልቅ መገኘት አለባቸው። ቀለም፥ የወለል ፕላስቲክና መጋረጃ ለፋሲካና ለዐዲስ ዓመት ይሸጣሉ። አብዛኛው ቤተ ሰብ ቆርቆሮ የሚገዛው የዕቁብ ዕጣ በደረሰው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ የዕቁቡን ሰዎች የሚያውቅ ባለ ሱቅ ማን መቼ ገዢ እንደሚሆን አስቀድሞ መገመት ይችላል። ቀለምን በሊትር፥ ምስማርን በኪሎ ክፍልፋይ፥ የወለል ፕላስቲክን በሜትር ቈርጦ መሸጥም የደኻውን ቤት ከሱቁ ጋር ያገናኛል።

አንዲት እናት በገበያ ቀን ወደ ሱቅ ገብተው አንድ ጋሎን ቀለም ይጠይቁ እንበል። ባለ ሱቁ ከማውረዱ በፊት፥ «እትዬ፥ ጣራው ያፈሳል?» ብሎ ቢጠይቃቸው፥ «ያፈሳል እንጂ ልጄ፤ ቀለም ቢሸፍነው ብዬ ነው» ይሉት ይሆናል። «እንግዲያው ቀለሙ ለከርሞ ይቈይ፤ ዛሬ ምስማርና ሬንጅ ይውሰዱ» ያላቸው እንደ ሆነ፥ የዚያን ዕለት ሽያጭ ያንሳል። ነገር ግን ሴትዮዋ ክረምቱን በደረቅ ቤት ያሳልፋሉ፤ በዓመቱ ለኖራው፥ በሌላው ዓመት ለኮርኒሱ፥ ከዚያም ለመጋረጃው ይመለሳሉ፤ ጎረቤታቸውንም ይዘው ይመጣሉ። ጋሎኑን ወዲያው ሸጦ ያሰናበታቸው ነጋዴ ግን፥ በመስከረም የተላጠውን ግድግዳ ባዩ ቍጥር ስሙን ያነሡታል። በጥቂት ገንዘብ የሚሠራ ቤት በተራው ሲሠራ ያምራል፤ ተራውን ለደንበኛው የሚያሳይ ባለ ሱቅም ከቤቱ ጋር አብሮ ያድጋል።