የጀልባን ደቀል የሚያቆሙትን አውታሮች አላልቶ መልሶ ስለ መወጠር

የድንኳን ምሰሶ የሚቆመው በራሱ ብርታት ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን በተወጠሩት አውታሮች ኀይል እንደ ሆነ፥ ድንኳን ያስተከለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በባሕርም ላይ ነገሩ እንደዚሁ ነው። ሸራውን የሚሸከመው ደቀል፥ ማለት የጀልባው ምሰሶ፥ ከፊት፥ ከኋላና ከሁለቱ ጎን በብረት ገመድ አውታሮች ተወጥሮ ይቆማል።

ለምሳሌ ያህል ፎልክቦት የተባለችውን ጀልባ እናንሣ። ይህች ጀልባ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1942 ዓመት በስዊድን አገር በጎተንበርግ ከተማ መጀመሪያ ወደ ውሃ ወረደች። ስሟ «የሕዝብ ጀልባ» ማለት ነው፤ ርዝመቷም 7 ሜትር ከ68 ሳንቲ ሜትር ነው። መካከለኛ ሀብት ያለው ቤተ ሰብ ሊገዛት እንዲችል ታስባ የተሠራች ስለ ሆነች፥ ዛሬም አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋራ ይጓዙባታል።

አውታሮቹ ጨውና ዝናብ ስለሚያስረጃቸው በየጊዜው አላልቶ መመርመር፥ ያረጀውንም መለወጥ ግድ ይሆናል። ዋናው አደጋ የሚመጣው በዚህ ሰዓት ነው። አንዱ አውታር ያለ ጥንቃቄ ቢፈታ፥ ደቀሉ በሌላው ወገን ጕተት ተሸንፎ ሊወድቅና ከሥሩ ያለውን ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ሥራው ነፋስ በሌለበት ቀን፥ ጀልባዋ በሚገባ ታስራ፥ ሸራዎቹም ሁሉ ወርደው ይሁን። ሕፃናትንም ከደቀሉ ቁመት በሚበልጥ ርቀት ማቆም የወላጅ ፋንታ ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። በመጀመሪያ፥ የሸራውን መስቀያ ገመድ በሚፈታው አውታር ወገን ወስዶ በጽኑ ቦታ ላይ አጥብቆ ማሰር ይገባል፤ አውታሩ ሲፈታ ደቀሉን የሚይዘው እርሱ ነውና። ሁለተኛ፥ ከእያንዳንዱ ማወጠሪያ ብሎን ላይ ስንት ሳንቲ ሜትር ጥርስ እንደሚታይ ለክቶ መጻፍ ነው። ከዚያ በኋላ የኋላውን አውታር አስቀድሞ፥ ቀጥሎም የግራና የቀኙን አውታሮች እኩል በእኩል፥ ጥቂት በጥቂት ማላላት ነው። ብሎኑ ሲዞር ገመዱ እንዳይጠመዘዝ በሌላ መፍቻ መያዝ ያስፈልጋል። አንዱን ፈትቶ ሳይመልሱ ሁለተኛውን መፍታት ፈጽሞ አይገባም። ደቀሉ በሙሉ የሚወርድ ከሆነም፥ ማንኛውም አውታር ሳይፈታ አስቀድሞ ክሬን ይያዘው፤ በላዩም የኤሌክትሪክ ሽቦ አለመኖሩ ይታይ።

ገመዱ ሲመረመር በባዶ እጅ መዳሰስ አይገባም፤ የተበጠሰ ክር እጅን ይቈርጣልና። በጨርቅ ይዞ ቢያንሸራትቱት፥ የተበጠሰው ክር ጨርቁን ይዞ ይገልጣል። ይልቁንም ገመዱ በጫፉ ካለው ብረት ጋራ የሚጋጠምበትን ስፍራ አጥብቆ መመልከት ነው፤ ዝገትና ስንጥቅ የሚጀምረው በዚያ ነውና። አንድ ክር እንኳ ቢበጠስ አውታሩ መለወጥ አለበት።

በሚመለስበትም ጊዜ የብሎኑ ጥርስ ተጠርጎ ግራሶ ይቀባል፤ ከላይና ከታችም እኩል ይገባል። በመጀመሪያ የፊትና የኋላው፥ ቀጥሎ ረጃጅሞቹ የጎን አውታሮች፥ በመጨረሻም አጫጭሮቹ፥ ቀድሞ እስከ ተጻፈው ልክ ድረስ ጥቂት በጥቂት ይወጠራሉ። በየጊዜውም ከደቀሉ ሥር ሆኖ ወደ ላይ እያዩ፥ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ አለመጕበጡን ማረጋገጥ ነው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ በየብሎኑ ኮፒሊያ ገብቶ ጫፉ ይታጠፍ። ይህች ታናሽ ሽቦ የተረሳች እንደ ሆነ፥ ብሎኑ በማዕበሉ መንቀጥቀጥ ራሱን እየፈታ ይሄዳል፤ ደቀሉም ከወደብ ርቆ በባሕር መካከል ይወድቃል። ስለዚህ ልጆቹን በጀልባ የሚያሳፍር አባት፥ የታሰረችበትን ገመድ ከመፍታቱ አስቀድሞ ኮፒሊያዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ ይቍጠራቸው።