የሞያሌ ኩሬዎች ባለቤት ይፈልጋሉ

በኬንያዋ ሞያሌ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም። ከተማዋ የምትኖረው በጉድጓድ፣ በቦቴና ጎርፍ በሚያጠራቅሙ ትናንሽ የአፈር ግድቦች ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ወይም በጥቅምትና በኅዳር ደህና ሲዘንብ ግድቡ ይሞላል፤ ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው ይንቦጫረቃሉ፣ ከብቱ ጭቃውን እያቦካ ይጠጣል፣ ሴቶች እዚያው ቢጫ ጀሪካናቸውን ይሞላሉ።

ልጆቹ መዋኘታቸው አይደለም ጥፋቱ። በዚያ ሙቀት ማን አይዋኝም? ጥፋቱ መዋኛው፣ ማጠጫውና መቅጃው አለመለየቱ ነው።

ውሃው ደግሞ አይበረክትም። በእንዲህ ያለ ፀሐይ ክፍት ውሃ በዓመት ሁለት ሜትር ገደማ ይተናል፤ ሦስት ሜትር የሚጠልቅ ኩሬ ከውሃው አብዛኛውን ለፀሐይ ይገብራል ማለት ነው። የቀረውን ቦታ ደለል ይወስደዋል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ የቦረና አርብቶ አደሮች ከብት በኬንያና በኢትዮጵያ ድንበር ግራና ቀኝ አለቀ። በ2023 መጨረሻ ደግሞ ጎርፍ መጣ። የተደፈነ ኩሬ ለድርቁም ለጎርፉም አይሆንም።

ቦረናዎች የውሃ ጥበቃን ድሮም ያውቁታል። ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶቻቸው የማጠጫውን ተራ የሚያስከብር አባ ሄሬጋ አለ፤ ዝናብ ሲጥል ጉድጓዱን አሳርፈው ወደ ኩሬ ይዞራሉ፤ ጠረጋው የጋራ ግዴታ ነው፣ ከብት ዘሎ አይገባም። መንግሥትና ድርጅቶች በዶዘር የሚያስቆፍሩት ኩሬ ግን ምርቃት እንጂ አባት የለውም።

እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የውሃ አገልግሎት ሞያሌ ያለችበት የማርሳቢት ካውንቲ ኃላፊነት ነው። ትልቅ ግድብ መጀመር ደስ ይላል፤ ማርሳቢት ከተማ አጠገብ የተጀመረው ባዳሳ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ውሃ ሳይዝ ቆይቷል። ትንሹም ቢሆን ቸል አይባልም፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ናኩሩ ውስጥ ሶላይ ላይ የግል እርሻ የአፈር ግድብ ተደርምሶ ከ40 በላይ ሰው ገድሏል።

ስለዚህ ካውንቲው አዲስ ከማስቆፈሩ በፊት ያሉትን ያስጠርግ፤ ዙሪያቸውን ይጠር፣ የከብቱን ገንዳ ከአጥሩ ውጭ ያድርግ፣ የትርፍ ውሃ መውጫውን ያጽዳ፣ ለልጆቹም ጥልቀት የሌለው ዳር ይከልል። ለጥበቃው የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሥልጣንም በጀትም ይሰጣቸው።