በዜማ የተጻፈ ስም



ሙዚቃ የምንወድ ጥቂት ተማሪዎች ከሳምንቱ ትምህርትና ከሆስፒታል ተረኝነት በኋላ ሐሙስ ማታ በመኝታ ክፍላችን እየተሰበሰብን የአውሮፓን ክላሲካል ሙዚቃ እናዳምጣለን። ከጊዜ በኋላ አንድ ጨዋታ ጨምረንበታል፤ ይኸውም በዜማ ውስጥ የተደበቀ ቃል መፈለግ ነው። ብዙ ጓደኞች ስለ ጨዋታው ስለጠየቁን አፈታቱን ባጭሩ እናስረዳለን።

እንደሚታወቀው፣ የለመድነው የድምፆች አጠራር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ነው። ጀርመኖች ግን ድምፆቹን በላቲን ፊደላት ይጠሯቸዋል። ላ «አ»፣ ዶ «ጼ»፣ ሬ «ዴ»፣ ሚ «ኤ»፣ ፋ «ኤፍ»፣ ሶል «ጌ» ይባላሉ። ሲ ሁለት ስም አለው፤ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲል «ቤ»፣ በቦታው ሲሆን «ሃ» ነው። ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው ሚ ደግሞ «ኤስ» ስለሚባል እንደ «ስ» ፊደል ያገለግላል። ቁልፉ ይህ ነው። እኛ መጀመሪያ በእንግሊዞች አጠራር ሞክረን፣ በእነርሱ ዘንድ «ሃ» የሚባል ድምፅ ስለሌለ፣ ሁለት ሳምንት በከንቱ ደክመናል።

ምሳሌ እንስጥ። የባኽ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ቤ፣ አ፣ ጼ፣ ሃ ነው፤ ሲዜም ዝቅ ያለ ሲ፣ ላ፣ ዶ፣ ሲ ይሆናል። በ1750 ያረፈው ይህ ደራሲ «የፉጋ ጥበብ» በተባለው ሥራው፣ ሳይጠናቀቅ በቀረው ፉጋ ውስጥ፣ እነዚህን አራት ድምፆች አስገብቷቸዋል። ሹማንም የመጀመሪያ ቁጥር የሰጠውን ሥራ «አቤግ» በሚል የቤተሰብ ስም ላይ መሥርቶታል።

ይሁን እንጂ ነገሩ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሶቪየታዊው ሾስታኮቪች በ1948 በመንግሥት በይፋ ተወግዞ ነበር። ስታሊን በሞተበት በ1953 ባቀረበው 10ኛ ሲምፎኒው ግን ዴ፣ ኤስ፣ ጼ፣ ሃ የሚሉት ድምፆች ደጋግመው ይሰማሉ። ይህም ስሙ በጀርመንኛ ሲጻፍ የሚጀምርባቸው ፊደላት ናቸው። በ1960 የጻፈው 8ኛ ኳርቴትም በእነዚሁ አራት ድምፆች ይጀምራል። ኳርቴቱ በይፋ መታሰቢያነቱ ለፋሺዝምና ለጦርነት ሰለባዎች ቢሆንም፣ ለራሱ መታሰቢያ እንደጻፈው ለወዳጁ በደብዳቤ ገልጿል። በግልጽ መናገር ያልቻለ ሰው ስሙን ማንም በማይፍቀው ቦታ አኖረ ማለት ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በቅኔያችን ወርቁ በሰም ተሸፍኖ ይቀርባል። በድጓችንም ከቃላቱ በላይ የሚጻፉት የዜማ ምልክቶች ብዙዎቹ ከግዕዝ ቃላት የተቆረጡ ፊደላት ናቸው፤ የተማረ ሰው ፊደሉን አይቶ ዜማውን ያወጣል።

አፈታቱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ደጋግሞ የሚመጣውን አጭር ሐረግ መለየት፤ ቀጥሎ ድምፆቹን በተራ መጻፍና ዝቅ ያሉትን ማመልከት፤ በመጨረሻም በጀርመኖቹ አጠራር ወደ ፊደል መመለስ። ጆሮ በአንድ ቀን አይሠለጥንም። የታማሚን ደረት በማዳመጫ ስንሰማም በመጀመሪያ ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስለን ነበር።

አንድ ማታ የራሳችንን ስሞች ሞከርን። አብዛኞቹ እምቢ አሉ፤ «አበበ» ግን በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሁሉም ፊደላቱ ይዜማሉ፦ ላ፣ ዝቅ ያለ ሲ፣ ሚ፣ ዝቅ ያለ ሲ፣ ሚ። ከመካከላችን የዚህ ስም ባለቤት የሆነው ጓደኛችን ስሙ በየመዝገቡ ተጣምሞ ሲጻፍና ተጣምሞ ሲጠራ የኖረ ነው። ዜማውን ሲሰማ ጥቂት ዝም አለና «ድገሙት» አለን። ደገምንለት።

ለአንባብያን የተተወ ጥያቄ፦ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሚ፣ ፋ፣ ሚ። የአገራችን ስም ነው። መልሱን ያገኘ ሐሙስ ማታ ይምጣና ይንገረን፤ ሻይ አለ።