ሉካና ሜዳይዋ፦ የአነፍናፊ ውሻ አፍንጫና የጀግንነት ጥያቄ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 5 ቀን 2016 በለንደን ከተማ በሚገኘው የዌሊንግተን ጦር ሠፈር በተካሄደ ሥነ ሥርዓት፣ ሉካ የተባለች የ12 ዓመት ውሻ በሦስት እግሯ ቆማ የዲኪን ሜዳይ አንገቷ ላይ ተጠልቆላታል። ከአሜሪካ ማሪን ጦር ውሾች መካከል ይህን ክብር በማግኘት ሉካ የመጀመሪያዋ ነበረች።

የዲኪን ሜዳይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1943፣ በብሪታንያዊቷ የእንስሳት በጎ አድራጊ ማሪያ ዲኪን የተመሠረተ ሽልማት ነው። በነሐሱ ገጽ ላይ «ለጀግንነት» እና «እኛም እናገለግላለን» የሚሉ ቃላት ተቀርጸውበታል። እስከ 1949 ድረስ ለ54 እንስሳት የተሰጠ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 32ቱ መልእክት አድራሽ ርግቦች፣ 18ቱ ውሾች፣ 3ቱ ፈረሶች፣ አንዷ ደግሞ ድመት ነበሩ። ለመሆኑ ጀግንነት የሚለውን ቃል ለእንስሳ መስጠት በሳይንስ ዓይን ይደገፋልን? ለጥያቄው መልስ ለመስጠት በቅድሚያ ሉካ ምን እንደሠራችና እንዴት እንደሠራች መመልከት ያስፈልጋል።

ከ400 በላይ ተልእኮዎች

ሉካ የጀርመን እረኛ ውሻና የቤልጅየም ማሊኗ ዝርያዎች ቅልቅል ናት። በስድስት ዓመት አገልግሎቷ ሁለት ጊዜ በኢራቅ፣ አንድ ጊዜ በአፍጋኒስታን ዘምታ ከ400 በላይ ተልእኮዎችን ፈጽማለች። የሥራ ድርሻዋ ከእግረኛ ወታደሮች ፊት እየቀደመች በመንገድና በቤት ውስጥ የተደበቁ ፈንጂዎችን ማነፍነፍ ነበር። ሥራውን የምታከናውነው ያለ ማሰሪያ፣ ከመሪዋ ወታደር ርቃ፣ በድምፅና በእጅ ምልክት እየታዘዘች ነው። እርሷ በመራቻቸው ጉዞዎች ሁሉ አንድም ወታደር ለጉዳት አልተዳረገም።

እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2012 በአፍጋኒስታን ሄልማንድ ግዛት ውስጥ 14 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ፈንጂ አገኘች። ሌላ መኖር አለመኖሩን ለማጣራት አካባቢውን በማነፍነፍ ላይ ሳለች ግን ሁለተኛው ፈንጂ ከሥሯ ፈነዳ። መሪዋ አሥር አለቃ ኹዋን ሮድሪገዝ ገና ባልተጣራ መሬት ላይ ሮጦ ደረሰላትና እግሯን አስሮ ደሟን አቆመ። የፊት ግራ እግሯ ቢቆረጥም ሕይወቷ ተረፈ፤ በቀናት ውስጥም በሦስት እግር መሄድ ጀመረች።

መሣሪያ ስለምን አልተካትም?

በእጅ የተሠሩ ፈንጂዎች ብዙውን ጊዜ ከፕላስቲክ መያዣ፣ ከእንጨትና ከማዳበሪያ ከሚገኝ አሞኒየም ናይትሬት ስለሚዘጋጁ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ በቀላሉ አይደርስባቸውም። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ይህን ችግር ለመፍታት ባቋቋመው መሥሪያ ቤት አማካይነት በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር አፍስሷል። ሆኖም የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ እ.ኤ.አ. በ2010 እንደገለጹት፣ በመሣሪያ ብቻ በሚደረግ ፍለጋ ከተቀበሩት ፈንጂዎች ግማሽ ያህሉ ሲገኙ፣ ውሾች ሲታከሉበት ውጤቱ ወደ 80 በመቶ ከፍ ይላል።

ምክንያቱ አፍንጫ ነው። የሰው ልጅ 5 ወይም 6 ሚሊዮን ገደማ የማሽተት ኅዋሳት ሲኖሩት፣ የውሻ ከ200 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። የጠረን ሞለኪውሎችን የሚለዩ ፕሮቲኖችን የሚሠሩት ጂኖችም በሰው 400 ገደማ ሲሆኑ፣ በውሻ 800 ያህል ናቸው። ይሁንና ልዩነቱ በቁጥር ብቻ አይወሰንም። በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳሳዩት፣ ውሻ ከሚስበው አየር 12 በመቶ ያህሉ ተነጥሎ ከአፍንጫዋ በስተኋላ ወደሚገኘው የማሽተት ክፍል ይገባል፤ የተቀረው በቀጥታ ወደ ሳንባ ያልፋል። ወደ ውጭ የሚወጣው አየር በማሽተት ክፍሉ በኩል ስለማያልፍ የገባው ጠረን ጠርጎ አይወሰድም። ከዚህም በላይ ውሻ የምታስወጣው አየር በአፍንጫዋ ጎንና ጎን ባሉት ስንጥቆች በኩል ወደ ኋላ ስለሚነፍስ፣ ከፊቷ ያለውን አዲስ ጠረን ወደ አፍንጫዋ ይስባል። ይህ ሁሉ በሰከንድ አምስት ጊዜ ያህል ይደጋገማል።

ፈንጂ ደግሞ የቱንም ያህል ቢቀበር ጠረን አልባ አይሆንም። ለምሳሌ ቲኤንቲ የተባለው ፈንጂ ራሱ እጅግ ጥቂት ትነት ያለው ቢሆንም፣ በምርት ሂደት አብሮት የሚቀረው ዲኤንቲ የተባለ ውሕድ በተሻለ ሁኔታ ይተናል። ትነቱ በአፈሩ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ላይ ወጥቶ ከነፋስ ጋር ይሰራጫል። ሉካ ወዲያና ወዲህ እያለች ትፈልግ የነበረው ይህንኑ ጭላንጭል ጠረን ነው። ከኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት በኋላ በሀገራችን በተካሄደው የፈንጂ ማጽዳት ሥራም አነፍናፊ ውሾች የተሰማሩት በዚሁ ችሎታቸው ነበር።

ጀግንነት ወይስ ጨዋታ?

እዚህ ላይ አስቸጋሪው ጥያቄ ይነሣል። አነፍናፊ ውሻ የምትሠለጥነው የፈንጂን ጠረን ከሽልማት ጋር በማዛመድ ነው። ጠረኑን አግኝታ በመቀመጥ ወይም በመተኛት ስታሳውቅ የላስቲክ መጫወቻና ምስጋና ይሰጣታል። ስለዚህ ሉካ በምትፈልገው ጠረን ውስጥ ሞት እንዳለ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም፤ ለእርሷ ፍለጋው ጨዋታ ነበር። እንግሊዛዊው የሥነ ባሕርይ ሊቅ ሎይድ ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1894 እንዳስገነዘበው፣ የእንስሳ ተግባር በቀላሉ የአእምሮ ሂደት ሊብራራ እየቻለ ከፍ ወዳለ የአእምሮ ኃይል መውሰድ አይገባም። ጀግንነት አደጋን አውቆ መጋፈጥ ከሆነ፣ በዚያች ዕለት ይህን ትርጉም በእርግጠኝነት ያሟላው ባልተጣራው መሬት ላይ የሮጠው ወታደር ነው።

ታዲያ የውሻዋ ድርሻ ጥቅም ፍለጋ ብቻ ነውን? «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው አባባላችን ታማኝነትን ከምግብ ጋር ያያይዘዋል። ሳይንስ ግን ከዚህ አልፎ ሄዷል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ውሻና ባለቤቷ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ በሁለቱም አካል ውስጥ ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን መጠን ከፍ እንደሚል ደርሰውበታል። ይህ እናትን ከልጇ ጋር በማቆራኘት የሚታወቅ ሆርሞን ነው። በሰው እጅ ያደጉ ተኩላዎች ግን ተመሳሳይ ውጤት አላሳዩም። እንግዲህ ሉካ ስለ አደጋው ባታውቅም፣ ከጩኸት፣ ከሙቀትና ከተኩስ መካከል ወደ ሥራዋ የሚመልሳት ነገር የመጫወቻው ጉጉት ብቻ እንዳልነበር መገመት ይቻላል።

ከሜዳይ በኋላ የሚቀረው ዕዳ

ውሻዋ ስለ አደጋው የማታውቅ መሆኗ ክብሩን አይቀንሰውም፤ ይልቁንም የእኛን ኃላፊነት ያከብደዋል። ወታደር አደጋውን አውቆ ይዘምታል፤ ውሻ ግን የምትዘምተው ሰው ስለ ወሰነላት ነው። ይህ ኃላፊነት ሁልጊዜ አልተከበረም። በቬትናም ጦርነት 4,000 ያህል ውሾች ከአሜሪካ ጦር ጋር ሲያገለግሉ፣ ወደ ሀገራቸው የተመለሱት 200 ገደማ ብቻ እንደሆኑ ይነገራል። ሠራዊቱ እንደ ትርፍ ዕቃ ይቆጥራቸው ስለነበር የቀሩት እንዲገደሉ ተደርገዋል ወይም እዚያው ተትተዋል። ጡረታ የወጡ የጦር ውሾች በቤተሰብ እጅ እንዲያድሩ የሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው።

ሉካ ይህ ሕግ ካወጣው አዲስ አሠራር ተጠቅማለች። ከቆሰለች በኋላ የመጀመሪያ መሪዋ የነበረው ክሪስቶፈር ዊሊንግሃም ወደ ካሊፎርኒያ ቤቱ ወሰዳት፤ በለንደኑ ሥነ ሥርዓትም አብሯት ቆሟል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 እስከሞተችበት ጊዜ ድረስ ከቤተሰቡ ጋር ኖራለች። ሜዳዩ ለሉካ ምንም ትርጉም አልነበረውም፤ የሚናገረው ለሰዎች ነው። «እኛም እናገለግላለን» የሚለው ጽሑፍ መልስ የሚጠብቀው ውሻዋን ወደማታውቀው አደጋ ከሚልኩት ዘንድ ነው፤ መልሱም የሚለካው አገልግሎቷ ሲያበቃ በሚደረግላት እንክብካቤ ነው።