ግሉታሚክ አሲድ እና የጓያው አምሳያ

መርካቶ፣ እህል በረንዳ፣ በየማዳበሪያው ከተደረደረው ሽምብራ፣ አተር፣ ባቄላና ምስር ግሉታሚክ አሲድ የሌለበት የለም። ፕሮቲን ከሚገነባባቸው 20 አሚኖ አሲዶች አንዱ ሲሆን፣ በጥራጥሬ ውስጥ እጅግ ከሚበዙት ነው። ሰውነታችን ራሱ ስለሚሠራው በምግብ ባይመጣም አይቸግርም።

ጀርመናዊው ኬሚስት ካርል ሪትሃውዘን በ1866 እ.ኤ.አ. ከስንዴ ግሉተን ለየው። ጃፓናዊው ኪኩናኤ ኢኬዳ ደግሞ በ1908 የባሕር አረም መረቅን የሚያጣፍጠው እሱ መሆኑን አወቀ። በፕሮቲን ውስጥ ታስሮ ሳለ ምላስ አይለየውም፤ ጣዕም የሚሰጠው ነጻ ሲሆን ነው። ሽሮ ላይ የሚጨመር የበሰለ ቲማቲም ወጡን የሚያጣፍጠው በከፊል በዚህ ነጻ ግሉታሜት ነው።

ሞለኪዩሉ አምስት ካርቦን፣ አንድ የአሚኖ ቡድንና ሁለት የካርቦክሲል ቡድኖች አሉት። ሁለተኛው ካርቦክሲል ነው አሲድ ያሰኘው። ፒኤች 3.2 ገደማ ላይ አዎንታዊና አሉታዊ ሙላቱ ይመጣጠናል፤ ያኔ በውኃ የመሟሟት አቅሙ ዝቅ ይላል። በደማችን ፒኤች፣ 7.4 አካባቢ፣ ግን ሁለቱም ካርቦክሲሎች ፕሮቶናቸውን ጥለው አንድ አሉታዊ ሙላት ይተርፈዋል። ግሉታሜት የምንለው ይህን ነው። በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ አንዱ ነርቭ ሌላውን የሚያነቃቃው በአብዛኛው በእሱ ነው።

ጓያ የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። በጓያ ፍሬ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ አለ። እሱም አምስት ካርቦንና ሁለት ካርቦክሲል አለው፤ ስለዚህ የነርቭ ተቀባዮች ግሉታሜት መስሏቸው ይቀበሉታል። ነርቩ ከልክ በላይ ይነቃቃል፣ በመጨረሻም ይሞታል። ድርቅ ሌላውን ሰብል ሲያጠፋ ጓያ ስለሚተርፍ፣ በደምቢያ፣ በፎገራና በደላንታ ለወራት እሱኑ አብዝተው የበሉ ሰዎች እግራቸው ሽባ ሆኗል። ጉዳቱ አይመለስም፤ አብዛኞቹም ወጣት ወንዶች ናቸው።

ኦዳፕ በውኃ ስለሚሟሟ ጓያን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መጠኑን ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። ከእህል ጋር ቀላቅሎ መብላትም አደጋውን ያቀለዋል። ሽሮ ከተፈጨ በኋላ ጓያ ይኑርበት አይኑርበት በዓይን አይለይም። ሸማች ጥሬውን ገዝቶ፣ አበጥሮና ለቅሞ ቢያስፈጭ ይሻለዋል፤ ማዕዘን ያወጣችው የጓያ ፍሬ ከክብ አተር መካከል በቀላሉ ትታያለች።