መምህሩ ከፕላዝማው አጠገብ

ዛሬ ልናወጋችሁ የፈለግነው ስለ መምህር ነው። በየቤቱ አንድ ጥያቄ ሲነሳ እንሰማለን፤ «ልጁ ሁሉንም ከሞባይሉ የሚያገኝ ከሆነ መምህሩ ምን ሊያደርግለት ነው?» የሚል። ጥያቄው አዲስ ይመስላል እንጂ አገራችን ከሃያ ዓመት በፊት በብዙ ወጪ ሞክራዋለች።

በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ገባ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይለቀቅ ነበር። ከጎንደር እስከ ባሌ ያለ የ9ኛ ክፍል ተማሪ አንዱን የሂሳብ ትምህርት ከአንድ አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይከታተል ጀመር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ትምህርት ቤቶች በፍጥነት ሲበዙ በቂ ሥልጠና ያለው መምህር አልተገኘም፤ ቤተ ሙከራ የሌለው የገጠር ትምህርት ቤት ተማሪም የኬሚስትሪውን ሙከራ ቢያንስ በዓይኑ ያያል ተብሎ ነው። ይህን ጥቅም መካድ አይገባም።

ነገር ግን የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ የወሰደው ስክሪኑ ሆነ። ለመምህሩ የቀሩት መግቢያና መዝጊያ ላይ ያሉ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ስክሪኑ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ጽፎ ሳይጨርስ «ቆይ» ሊለው አይችልም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል። «የመሣሪያ ከፋችና ዘጊ ሆነናል» የሚል ቅሬታ በመምህራን ዘንድ ይሰማ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። የሚገርመው በዚያው ዘመን በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከትሎ መምህራን የሚሠለጥኑት ተማሪ-ተኮር በሚባለው መንገድ ነበር። ተማሪው ይናገር፣ ይጠይቅ፣ መምህሩ ያግዘው ማለት ነው። እንግዲህ ስክሪኑ በሚሮጥበት ክፍል ውስጥ ተማሪው መቼ ይናገር?

እስቲ ወደ ራሳችን ቁርኣን ቤት እንመለስ። ልጆቹ በአንድ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ የሚቀሩት ግን እያንዳንዳቸው የደረሱበትን ነው። ልጁ ሉሁን ይዞ ከሸይኹ ፊት ሲቀርብ ሸይኹ ያዳምጣሉ። ሐርፉን ከሳተ እዚያው ላይ ያቆሙታል፤ ሳያስተካክልም ሉሁ ታጥቦ አዲስ አይጻፍለትም። ትልቁ ደረሳ ደግሞ ትንሹን ያስቀራል። በወሎ ዒልም ፈላጊው ለፊቅህ ወደ አንዱ ሸይኽ፣ ለነሕው ወደ ሌላው፣ ለተፍሲር ደግሞ ወደ ሦስተኛው ይጓዝ ነበርና «የት ተማርክ?» ከማለት ይልቅ «ማን ዘንድ ቀራህ?» ነበር ጥያቄው። አለንጋውንና ትርጉሙን ሳያውቁ ለዓመታት መሸምደዱን ግን ይመለስ አንልም።

ዛሬ በልጆቻችን እጅ ያለው መሣሪያ ከፕላዝማው ይለያል። ይጠብቃል፣ ደጋግሞ ያስረዳል፣ በአማርኛም ይመልሳል። ሲሳሳትም ልክ እንዳወቀ ሰው ሳያመነታ ይናገራል። ያልገባውን ነገር ለይቶ የማያውቅ ልጅ ደግሞ ትክክለኛውን ጥያቄ እንኳ ሊጠይቀው አይችልም። ስለዚህ የመምህሩ ሥራ ተለወጠ እንጂ አልቀረም። ልጁ የት ላይ እንደተደናቀፈ ማግኘት፣ ያመጣውን መልስ «ከየት አገኘኸው? ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ በአፉ ማስረዳት ነው። ቀድቶ የመጣ ልጅ እዚህ ላይ ይታወቃል።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በጥር 2015 ሲገለጽ፣ ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በመምህሩ ጫንቃ ላይ መጫን ግፍ ይሆናል። 60 ልጅ የተቀመጠበትን ክፍል የያዘ መምህር ሸይኹ እንደሚያደርጉት እያንዳንዱን ልጅ ላዳምጥ ቢል ደወሉ ይቀድመዋል።

ቤት ውስጥ ግን የምንችለው አለ። ማንበብ የማትችል እናት እንኳ ልጇን «ሞባይሉን ዝጋና ዛሬ የተማርከውን ንገረኝ» ልትለው ትችላለች። ማዳመጥ ፊደል አይጠይቅም። አባትም ትምህርት ቤት ሲሄድ «ስንተኛ ወጣ?» የሚለውን ትቶ «የሚቸገረው የት ላይ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መምህሩ ለይቶ ከነገራችሁ ልጃችሁን ያውቀዋል ማለት ነው። መመለስ ካልቻለ አትቆጡት፤ በቀን ስንት ተማሪ እንደሚያስተምር ጠይቁትና ቁጥሩን ይዛችሁ ወደ ወላጅ መምህር ኅብረቱ ስብሰባ ሂዱ።