ሽንት ሲያስቸግር ዝም አይባልም

አባቶቼና ወንድሞቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ነገር በአደባባይ የማይወራ ነው። ግን ሰው እየጎዳ ስለሆነ እናንብበው፤ እንወያይበትም።

በማታው ትምህርታችን አንድ አባት ነበሩ። ፊደል በመለየት ከሁሉም ይፈጥናሉ። ነገር ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ እየተነሡ ይወጣሉ። ወጣቶቹ "አባባን ትምህርቱ መረራቸው" እያሉ ይሥቃሉ። እኔም አብሬ ሥቄአለሁ፤ ዛሬ ይቆጨኛል። ውሎ አድሮ ሽማግሌው መምጣት አቆሙ።

አንድ ሌሊት ልጃቸው እየሮጠ መጣ። "አባባ ከትናንት ጀምሮ አልሸኑም፤ ሆዳቸው ተነፋ፤ ይጮኻሉ" አለን። በቃሬዛ ተሸክመን ጤና ጣቢያ አደረስናቸው። ነርሱ ለስላሳ ቀጭን ቱቦ በሽንት መውጫቸው አስገባ። ከአንድ ሊትር በላይ ሽንት ወጣ። ያን ጊዜ አባባ "ተመስገን" ብለው አለቀሱ።

ሲጠየቁ ሁለት ዓመት ሙሉ ተቸግረው ኖረዋል። "ለልጆቼ ምን ብዬ ልናገር? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ልጅ እግር ሴት ናት፤ አፈርኩ" አሉ። እንግዲህ ሊገድላቸው የደረሰው በሽታው ብቻ አይደለም፤ ሐፍረቱም ጭምር ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

ወንድ ሁሉ ከሽንት ፊኛው በታች አንዲት እጢ አለችው። ስሟ ፕሮስቴት ነው። ቃሉ የባዕድ ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት፦ ፕ-ሮ-ስ-ቴ-ት። ሴቶች የላቸውም። ሥራዋ ከዘር ጋር የሚወጣውን ፈሳሽ ማመንጨት ነው። በወጣትነት ጊዜ ትንሽ ሎሚ ብታህል ነው። የሽንት መውረጃው ቧንቧ የሚያልፈው በእጢዋ መካከል ነው።

ዕድሜ ሲገፋ እጢዋ ታድጋለች። የመስኖ ቦይ አስቡ። የቦዩ ግራና ቀኝ አፈር ወደ ውስጥ ሲገፋ ውሃው ይቀጥናል፤ ከላይ ያለውም ይጠራቀማል። ሽንትም እንዲሁ ነው። ፊኛው እየገፋ እየገፋ ይደክማል። ሽንት ተርፎ ይቀራል። የቆየ ሽንት ያመረቅዛል፤ ጠጠርም ይሠራል። ሲብስ ወደ ኋላ ተመልሶ ኩላሊት ይጎዳል።

ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 60 ዓመት ከሆነ ወንዶች ግማሽ ያህሉ እጢያቸው አድጋለች። ከ80 ዓመት በላይ ሲሆን ከ10 ወንዶች እስከ 9 የሚሆኑት ናቸው። ሁሉም ግን አይቸገሩም። ነገሩ እንደ ሽበት ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው። እርግማን አይደለም። ጨረቃ ላይ በመሽናት አይመጣም። ከሴትም አይጋባም።

ምልክቶቹ

1. ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት መነሣት።
2. ሽንት ቶሎ አለመጀመር፣ ማማጥ።
3. ሽንት መቅጠን፣ እየተቋረጠ መውረድ፣ በመጨረሻም መንጠባጠብ።
4. ከሸኑ በኋላ "አልጨረስኩም" የሚል ስሜት።
5. ሽንት ሲመጣ አጣድፎ ፋታ መንሣት።

እነዚህን ያየ ሰው ሳይዘገይ ይመርመር። ሽንት ጭራሽ እምቢ ካለ ግን ቀን አይቆጠርም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ሽንት ላይ ደም ከታየ፣ ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረም እንዲሁ አትቆዩ።

ካንሰርስ?

በዚችው እጢ ላይ ካንሰርም ይወጣል። ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው። በዕድሜ ያደገች እጢ ወደ ካንሰር አትለወጥም። ችግሩ ምልክታቸው ሊመሳሰል ይችላል። ካንሰሩም በመጀመሪያ ምንም ላያሳይ ይችላል። የሚለየው ሐኪም ነው። ደም ተወስዶ ይመረመራል። ሐኪሙም ጓንት አጥልቆ በመቀመጫ በኩል እጢዋን በጣቱ ይዳስሳል። ቶሎ ያልቃል፤ ነውርም አይደለም። አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ ካንሰር የታመመ ሰው ከሌላው ይልቅ ይጠንቀቅ፤ ከ45 ዓመቱ ጀምሮ ሐኪም ያማክር።

ሕክምናው

ችግሩ ቀላል ከሆነ ሐኪሙ እየተከታተለ ይጠብቃል። ከፍ ካለ ክኒን አለ። ታምሱሎሲን የሚባለው የሽንቱን በር ያላላል። ከተቀመጡበት ሲነሡ ሊያዞር ስለሚችል ቀስ ብሎ መነሣት ነው። እጢዋን የሚያሳንስ ሌላ ክኒንም አለ፤ እሱ ወራት ይፈጃል። ክኒን ካልበቃ ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። ብዙ አባቶች "ወንድነቴን ይወስዱብኛል" ብለው ይፈራሉ። ላደገች እጢ ከሚደረገው ቀዶ ሕክምና በኋላ የዘር ፈሳሽ ወደ ፊኛ ሊመለስና ላይታይ ይችላል። የአብዛኛው ሰው ብልት ግን እንደ ቀድሞው ይቆማል። የሚያሳስባችሁን ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁት።

በቤታችን ምን እናድርግ?

ሽንት በዛ ብላችሁ ቀኑን ሙሉ ውሃ አትተዉ። በፀሐይ የሚያርስ ሰው ውሃ ያስፈልገዋል። ከመኝታ በፊት ግን ቀንሱ። ማታ ማታ ቡና፣ ጠላና አረቄ ሽንት ያበዛሉ። ሽንት ሲመጣ "ትልሙን ልጨርስ" ብላችሁ አትያዙ። ሸንታችሁ ስትጨርሱ ጥቂት ቆዩና ደግማችሁ ሞክሩ። የጉንፋን መድኃኒት ስትገዙ የሽንት ችግር እንዳለባችሁ ተናገሩ፤ አንዳንዱ ሽንት ይዘጋል። የሰው ክኒን አትዋጡ። ሥር ቅጠሉን እየሞከራችሁ ወራት አታሳልፉ።

ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መናገር ከከበዳችሁ "ወንድ ሐኪም ላማክር" በሏት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካችኋለች። የጤና መድን መታወቂያ ያላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሚስቶችና ልጆችም አባታችሁ ሌሊት ደጋግመው ሲነሡ ብታዩ በጨዋ አንደበት ጠይቋቸው።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይባላል። ያ አባት አሁን ክኒናቸውን እየወሰዱ ወደ ትምህርት ተመልሰዋል። ከበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ሲወጡ የሚሥቅ የለም። ባለፈው ሳምንት ስማቸውን ከነአባታቸው በሰሌዳው ላይ ጻፉ።

ካነበባችሁ በኋላ ተወያዩ፦

1. ሽማግሌው ሁለት ዓመት ዝም ያሉት ለምንድን ነው? እኛስ ምን አጠፋን?
2. ወዲያውኑ ጤና ጣቢያ የሚያስኬዱት ምልክቶች የትኞቹ ናቸው?
3. በመንደራችሁ ሌሊት ሽንት እምቢ ያለው ሰው ቢኖር በምን ታደርሱታላችሁ?